ለበዓል ሰሞን የካርቱን ፊልም አመራረጥ
ለወላጆች፣ ለአሳዳጊዎችና ለቪዲዮ ቤት ባለቤቶች የቀረበ ትምህርት



በካኩማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ሁለት ገና እናያለን። የመጀመሪያው ታኅሣሥ 16 ቀን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 25 የሚውለው፣ ኬንያውያን ጎረቤቶቻችንና ብዙዎቹ የድርጅት ሠራተኞች የሚያከብሩት ነው። ሁለተኛው ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው የራሳችን ልደት ነው። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጆቻችን ከቤት ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ቪዲዮ ቤት ሲመላለሱ ይውላሉ። ሙስሊም ወገኖቻችንም በሁለቱ ኢዶች ተመሳሳይ ሁኔታ ይገጥማቸዋል። በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጆቹ ዛሬ ምን ይመልከቱ?» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ በየሰፈሩ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። «ካርቱን ክፈትላቸው» ይባላል። ካርቱን ከሆነ የልጅ ነው፣ የልጅ ከሆነ ደግሞ ክፉ ነገር የለበትም ተብሎ ይታሰባል። ልጆቹ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ እናት ዶሮውን ትሠራለች፤ አባት እንግዳ ይቀበላል። ነገር ግን ልጅ በበዓል ቀን ያየውን ቶሎ አይረሳም። ምግቡ፣ ልብሱ፣ የቡናው ሽታና ፊልሙ አንድ ላይ ሆነው በአእምሮው ይቀመጣሉ። ስለዚህ በበዓል ቀን የሚታየው ፊልም ከሌላው ቀን ይበልጥ ሊመረጥ ይገባዋል እንላለን። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ልጁ በሌሊት እየጮኸ ከተነሳ ወይም ጓደኛውን በፊልም በተማረው ስድብ ከሰደበ በኋላ ከማዘን አስቀድሞ መምረጥ ይሻላል።

ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎችን የምናስተምር መምህራን ነን። በመጀመሪያ የካርቱን ፊልም ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ የበዓል ካርቱን ከየት እንደመጣ፣ ከዚያም ፊልም ሲመረጥ ሊጠየቁ የሚገባቸውን ስድስት ጥያቄዎች እናቀርባለን።

1. የካርቱን ፊልም ምንድን ነው?

የካርቱን ፊልም የሚንቀሳቀስ የሚመስል የሥዕል ክምር ነው። በሲኒማ አሠራር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ምስሎች ያልፋሉ። ምስሎቹ እርስ በርሳቸው በጥቂቱ ስለሚለያዩና ቶሎ ቶሎ ስለሚተካኩ ዓይናችን አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ያየ ይመስለዋል። ስሌቱን ልጆች ራሳቸው እንዲሠሩት ማድረግ ይቻላል። አንድ የ25 ደቂቃ ፊልም 1,500 ሰከንድ አለው፤ በ24 ሲባዛ 36,000 ምስል ይሆናል። ሠዓሊዎች አንዱን ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ምስል ስለሚጠቀሙበት የሚሣለው ወደ 18,000 ይወርዳል። ቢሆንም ሥራው ቀላል አይደለም።

ሌላው ዓይነት በሥዕል ሳይሆን በአሻንጉሊት ወይም በተድቦለቦለ ሸክላ የሚሠራ ነው። አሻንጉሊቱን በጥቂቱ ያንቀሳቅሱታል፣ ፎቶግራፍ ያነሱታል፣ እንደገና ያንቀሳቅሱታል፣ ያነሱታል። በዘመናችን ደግሞ አብዛኛው በኮምፒዩተር ይሠራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ካርቱን የአሠራር ስም እንጂ የዕድሜ ስም አይደለም። በሥዕል ለልጅም ለአዋቂም ፊልም ይሠራል። ለምሳሌ በአሜሪካ «ሲምፕሰንስ» የሚባለው ታዋቂ ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1989 ራሱን ችሎ መታየት የጀመረው በገና ዝግጅት ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ቀልዶቹ ለአዋቂ የታሰቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው «ሳውዝ ፓርክ» የሚባለውም ገጸ ባሕርያቱ ልጆች ቢሆኑም ስድብና ብልግና የበዛበት፣ ለአዋቂዎች ብቻ የተሠራ ነው። በሽፋኑ ላይ ትልቅ ጭንቅላት ያለው ልጅ ስለተሣለ ብቻ የልጅ ነው ማለት አይቻልም።

2. የበዓል ካርቱን ከየት መጣ?

በገና ሰሞን ለቤተሰብ የሚታይ አጭር የካርቱን ዝግጅት ልማድ የሆነው በአሜሪካ ቴሌቪዥን ነው። በሥዕል ተሠርቶ ለቴሌቪዥን የቀረበው የመጀመሪያው የገና ልዩ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1962 የታየው «የሚስተር ማጉ የገና መዝሙር» ነው። ታሪኩ የእንግሊዙ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1843 ካሳተመው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቀይ አፍንጫ ስላለው አጋዘን ስለ ሩዶልፍ፣ በ1965 ስለ ቻርሊ ብራውን፣ በ1966 ገናን ስለሰረቀው ግሪንች፣ በ1969 ደግሞ ስለ በረዶ ሰው ስለ ፍሮስቲ የሚናገሩት ተከታትለው ቀረቡ። በየዓመቱ ተደጋግመው ስለታዩ ለብዙ አሜሪካውያን ያለ እነርሱ ገና ገና አይመስልም።

ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ግን የገንዘቡን ምንጭ ነው። እነዚህን ዝግጅቶች የሚከፍሉላቸው ዕቃ የሚሸጡ ኩባንያዎች ነበሩ። የሩዶልፍን ዝግጅት የደገፈው የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቹ ጄነራል ኤሌክትሪክ፣ የቻርሊ ብራውንን የደገፈው ኮካ ኮላ ነበር። ሩዶልፍ ራሱ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1939 ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ የአሜሪካ ትልቅ የንግድ ድርጅት ለገበያተኞች ልጆች በነፃ ላደለው ትንሽ መጽሐፍ ነው። ይህን የምንለው ፊልሞቹ መጥፎ ናቸው ለማለት አይደለም። የብዙ ስጦታ፣ የብዙ መጫወቻና የሞላ ገበታ ሥዕል በፊልሞቹ ውስጥ የበዛበት ምክንያት እንዲታወቅ ነው። በራሽን የሚኖር ቤተሰብ ልጅ ያንን ሲያይ የሚያስበውን ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው።

3. ስድስቱ ጥያቄዎች

ሀ/ ደስታ ከየት ይመጣል ይላል?

በመጀመሪያ ፊልሙ የበዓል ደስታ ከዕቃ ይመጣል ወይስ ከሰው ይመጣል የሚለው እንደሆነ እንጠይቅ። «ግሪንች ገናን እንዴት እንደሰረቀ» የሚለው የ1966ቱ ፊልም 26 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ተራራ ላይ ብቻውን የሚኖር ክፉ ፍጡር የመንደሩን ሰዎች ስጦታ፣ ምግብና ጌጥ ሌሊት ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። ጠዋት ለቅሶ እሰማለሁ ብሎ ሲጠብቅ የመንደሩ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘምራሉ። ሁሉን ጥለው ለወጡ ሰዎች ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ከብት፣ ቤትና ዕቃ ሳይኖረንም በዚህ ሰፈር ቡና አፍልተን በዓል አክብረናል።

«የቻርሊ ብራውን ገና» የሚለውም እንዲሁ ነው። ልጁ በዓሉ ገበያ ብቻ መሆኑ ያሳዝነዋል። ዛፍ እንዲገዛ ሲላክ ከሁሉ የቀጨጨውን ትንሽ ዛፍ ይዞ ይመጣል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል። በኋላ አንደኛው ልጅ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የእረኞቹን ታሪክ በቃሉ ይናገራል፤ ሁሉም ተባብረው ትንሹን ዛፍ ያስጌጡታል። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኃላፊዎች አስቀድመው ሲያዩት አልወደዱትም ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደደው፤ ሽልማትም አገኘ። የገጸ ባሕርያቱን ድምፅ የሰጡት እውነተኛ ልጆች መሆናቸውም ለዛ ጨምሮለታል።

ለ/ ማን በማን ይስቃል?

ልጆች ቀልድ ይወዳሉ። ነገር ግን የሚሳቀው በድሃ፣ በወፍራም፣ በጥቁር፣ በአንካሳ ወይም በተብታባ ላይ ከሆነ በማግሥቱ ያው ሳቅ ወደ መንደራችን ይመጣል። በዚህ በኩል የሩዶልፍን ፊልም በጥንቃቄ ማየት ይጠቅማል። ሩዶልፍ አፍንጫው ቀይ ሆኖ ስለሚበራ ሌሎቹ አጋዘኖች ይስቁበታል፤ ከጨዋታም ያስወጡታል። በመጨረሻ ማዕበል ሆኖ መንገድ ሲጠፋ በአፍንጫው ብርሃን ይመራቸዋል፤ ያን ጊዜ ይወዱታል።

መልእክቱ ጥሩ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ የናቁት ሰዎች የተቀበሉት ከጠቀማቸው በኋላ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹን «አፍንጫው ባይጠቅማቸውስ ኖሮ ሊወዱት አይገባም ነበር?» ብለን እንጠይቅ። በየክፍላችን በክራንች የሚሄዱ፣ ጆሮአቸው የማይሰማ፣ ቋንቋ ገና ያልለመዱ ልጆች አሉ። ይህ ጥያቄ የእነርሱ ጥያቄ ነው።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ማንም የማይፈልጋቸው የተበላሹ መጫወቻዎች የሚኖሩበት ደሴት አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ፊልሙ ሲታይ እነዚያ መጫወቻዎች ሳይወሰዱ ቀሩ። ተመልካቾች ቅር ስለተሰኙ በተከታዩ ዓመት የገና አባት መጥቶ ሲወስዳቸው የሚያሳይ ክፍል ተጨመረበት። ተስፋ ተሰጥቶት ተረስቶ መቅረት ምን እንደሆነ ልጆችም ያውቁታል ማለት ነው።

ሐ/ የሚያስፈራ ወይም የሚያሳዝን ነገር አለው?

ወላጅ ከሁሉ ይበልጥ ሊያተኩርበት የሚገባው ይህ ነው። የፊልም ሠሪዎች አንድ ፊልም ለልጅ ይሆናል ሲሉ የሚያስቡት በሰላም አገር የሚያድግ ልጅ ነው። የእኛ ልጆች ግን ብዙዎቹ ተኩስ የሰሙ፣ ቤት ሲቃጠል ያዩ፣ ከአባት ወይም ከእናት የተለዩ ናቸው። ለሌላው ልጅ ጨዋታ የሆነው ለእነርሱ ትዝታ ሊሆን ይችላል።

«የግብፅ ልዑል» የተባለውና እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ፊልም የሙሴን ታሪክ በታላቅ ጥበብ የሚያሳይ ነው። ነገር ግን ወታደሮች ሕፃናትን ከእናቶች ሲነጥቁና የግብፅ በኩሮች ሲሞቱ ይታያል። ስለዚህ ለትልልቆቹ እንጂ ለትንንሾቹ አንመክረውም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው «የሚኪ የገና መዝሙር» 26 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሆንም መንፈሶች፣ መቃብርና የአንድ ታማሚ ልጅ ሞት ይታይበታል። ፍጻሜው ደስታ ነው፤ ንፉጉ ሰው ይለወጣል። ቢሆንም አጠገባቸው ሰው ሳይኖር ትንንሾች ባያዩት ይሻላል።

የእንግሊዝ ፊልም የሆነው «የበረዶው ሰው» እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1982 ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ታየ። አንድ ልጅ ከበረዶ የሠራው ሰው ሌሊት ሕይወት ዘርቶ ልጁን ይዞ በሰማይ ይበርራል። ጠዋት ልጁ ሲነሳ የበረዶው ሰው ቀልጧል። ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል። የሚያስፈራ ነገር የለበትም፤ ነገር ግን ወዳጅ ያጣ ልጅ ያለቅሳል። ይህ ፊልሙን እንድንከለክል አያደርገንም። ልቅሶው ሲመጣ ልጁን አቅፎ የሚያነጋግረው ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። በነገራችን ላይ የካኩማ ሙቀት ብቻ ለሚያውቁ ልጆች በረዶ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል።

መ/ ቋንቋው ይገባቸዋል?

በአንድ መቀመጫ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊና ዐረብኛ የሚናገሩ ልጆች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ንግግር የሌለው ፊልም ለሁሉም እኩል ነው። «የበረዶው ሰው» ከአንድ መዝሙር በቀር ቃል የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ስለ በጉ ሾን የሚናገረው የገና ፊልምም ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ፣ በአሻንጉሊት የተሠራና ንግግር የሌለው ነው። በጎቹ ትልቅ የስጦታ ካልሲ ፍለጋ ሲገቡ ትንሹ ግልገል ይጠፋባቸዋል፤ እርሱን ለማግኘት ይሯሯጣሉ። በግ ለሚያውቅ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በአማርኛ ከተሠሩት መካከል «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ሊጠቀስ ይገባዋል። ይህን ዝግጅት መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፀሐይ የምትባለው ቀጭኔ አሻንጉሊት ናት፤ እጅ መታጠብን፣ ፊደልንና መተሳሰብን ታስተምራለች። የበዓል ፊልም ባይሆንም ልጅ በራሱ ቋንቋ ሲሰማ የሚያገኘው ደስታ ሌላ ነው። በስደት ለተወለደ ልጅ ደግሞ የአገሩ ቋንቋ ትምህርት ነው።

ሠ/ ከእምነታችንና ከጎረቤቶቻችን እምነት ጋር ይስማማል?

በቪዲዮ ቤት ወይም በጋራ ግቢ የሚታይ ፊልም የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። የጌታን ልደት በአህያ ዓይን የሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ኮከቡ» የተባለው ፊልም ለክርስቲያን ልጆች አስደሳች ነው። ነገር ግን የሚያወሩ እንስሳትና አሳዳጅ ውሾች ተጨምረውበታል። ወላጅ ከወንጌል የሆነውንና ለጨዋታ የተጨመረውን ለይቶ ሊነግራቸው ይገባል።

ለሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ የነቢያትን መልክ መሣል ከባድ ጉዳይ ነው። ስለዚህ «የግብፅ ልዑል»ን የመሰለ፣ ነቢዩ ሙሳ በሥዕል የሚታይበት ፊልም ከመክፈት በፊት ጎረቤትን መጠየቅ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተሠራው «ሙሐመድ፦ የመጨረሻው ነቢይ» የሚለው የካርቱን ፊልም ይህን ሥርዓት ጠብቆ የነቢዩን መልክ ሳያሳይ ታሪኩን ይተርካል፤ በኢድ ሰሞን ለትልልቅ ልጆች ሊታሰብ ይችላል። ኦርቶዶክሳውያን ወላጆችም የፈረንጆቹ ገና የሚውለው ገና በጾመ ነቢያት ውስጥ መሆኑን እያሰቡ አንዳንዱን ፊልም ለታኅሣሥ 29 ማቆየት ይችላሉ።

ረ/ ስንት ሰዓት ይፈጃል? እንዴትስ ይታያል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በስክሪን ፊት ባይቀመጡ ይመረጣል ይላል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ቢያንስ የተሻለ ነው። የ25 ደቂቃ ፊልም ለዚህ ይመቻል። አንዱ አልቆ ሌላው እየተተካ እስከ ምሽት መቆየቱ ግን ልጁን ከጨዋታ፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ያስቀረዋል።

ብርሃንም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 በጃፓን «ፖኬሞን» የተባለው ካርቱን ሲታይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ያለበት ክፍል ነበረ። በዚያ ምሽት ከ600 በላይ ልጆች ታመው ሆስፒታል ተወስደዋል። ስለዚህ ልጆች ከስክሪኑ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ክፍሉም ድቅድቅ ጨለማ አይሁን። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ ብልጭታ የበዛበትን ፊልም አያሳዩት።

4. የገና አባት ለምን ወደ እኛ አይመጣም?

በብዙዎቹ የገና ካርቱኖች ውስጥ ነጭ ጢም ያለው የገና አባት ለጥሩ ልጆች ስጦታ ያመጣል፤ መጥፎዎቹን ያልፋቸዋል። ይህ ለባለጸጋ አገር ልጅ ቀልድ ነው። በእኛ ሰፈር ግን ከቀልድ ያልፋል። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ የገና አባት ለጥሩ ልጆች ነው የሚሰጠው አይደል? ታዲያ እኛ ጥሩ አይደለንም ማለት ነው?» ብላ ጠይቃናለች። ልጅቷ የሳተችው ነገር አልነበረም፤ ፊልሙ የነገራትን ነው በትክክል የደመረችው።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ልጆች ሳያነሱት እኛ እናንሣው። ድህነት ቅጣት እንዳልሆነ፣ ስደተኛ መሆንም የልጅ ጥፋት እንዳልሆነ በግልጽ ቃል እንንገራቸው። የገና አባት የሚባለው ተረት ከአንድ እውነተኛ ሰው የተነሣ መሆኑንም እናስረዳ። ቅዱስ ኒቆላዎስ በአራተኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ ምድር በምትገኘው በሚራ ከተማ ጳጳስ ነበረ። እንደሚተረክለት ለድሆች በስውር ይሰጥ ነበር፤ የረዳውም የቸገራቸውን ነው። የተረቱ ሥር ይህ መሆኑን ያወቀ ልጅ «አልመጣልኝም» ከማለት «እኔስ ለማን ልስጥ?» ወደ ማለት ይመጣል።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ክላውስ» የተባለው ፊልም ብዙ ያስተምራል። አዘጋጁ ስፔናዊው ሰርጂዮ ፓብሎስ ነው። ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ታሪኩ በሰሜን በረዶ አገር በአንዲት ከተማ ይፈጸማል። በከተማዋ ሁለት ጎሣዎች ከአያት ቅድመ አያት የወረሱትን ጠብ ይዘው ይኖራሉ። ልጆቻቸውን ከጠላት ልጅ ጋር አናስቀምጥም ስላሉ ትምህርት ቤቱ ባዶ ቀርቷል፤ መምህርቷም ክፍሉን የዓሣ መሸጫ አድርጋዋለች። በኋላ አንድ ፖስተኛና ብቻውን የሚኖር አንድ አናጢ ለልጆች መጫወቻ ማደል ይጀምራሉ። ልጆቹ ደብዳቤ ለመጻፍ ሲሉ ፊደል መማር ይፈልጋሉ፤ መምህርቷ ዓሣውን አስወጥታ ክፍሉን ትከፍታለች። ልጆቹ አብረው ሲጫወቱ ታላላቆቹም ቀስ በቀስ ይለወጣሉ፤ ጠቡ እንዳይበርድ የሚፈልጉ ሽማግሌዎች ግን ተንኮል ይሸርባሉ።

ይህን ፊልም ለልጆች ብቻ ሳይሆን ለአዋቂዎችም እንመክራለን። ከየክልሉና ከየብሔረሰቡ የመጣን፣ በአገር ቤት የነበረውን ቂም በሻንጣ ይዘን የገባን ሰዎች ነን። ልጆቻችን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የማን ልጅ ከማን ጋር ተቀመጠ የሚል ወሬ በቡና ሰዓት ይሰማል። ፊልሙ ጠብ እንደሚወረስ ሁሉ እርቅም ከልጆች ሊጀመር እንደሚችል ያሳያል። የጠብና የሐዘን ክፍሎች ስላሉት ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በላይ ላሉት ይሻላል።

5. በተግባር እንዴት እንምረጥ?

1ኛ/ አስቀድመን እንየው። ሙሉውን ለማየት ጊዜ ካልተገኘ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን እንይ።

2ኛ/ ስሙን ብቻ አንመን። «ግሪንች» የሚባል ፊልም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተሠርቷል፤ የ1966ቱ አጭሩ ካርቱን፣ የ2000ው በተዋናይ የተሠራው፣ የ2018ቱ በኮምፒዩተር የተሠራው ናቸው። በፍላሽ የሚገለበጠው የትኛው እንደሆነ ይጠየቅ።

3ኛ/ ሞባይል ለልጅ ሰጥተን አንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዩቲዩብ ላይ የታወቁ የካርቱን ገጸ ባሕርያትን መልክ ይዘው ጸያፍና አስፈሪ ነገር የሚያሳዩ ብዙ ቪዲዮዎች መኖራቸው ታውቆ ድርጅቱ ብዙዎቹን አስወግዷል። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ቀጣዩን የሚመርጠው መሣሪያው እንጂ እኛ አይደለንም።

4ኛ/ አብረን እንቀመጥ። እናት ወይም አባት ካልተመቻቸው ታላቅ እህት፣ አያት ወይም ጎረቤት ይቀመጥ። ልጅ ሲፈራ ፊልሙን ማቆም ነውር አይደለም።

5ኛ/ ካለቀ በኋላ እንነጋገር። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ማንን ወደድክ? ማን ተበደለ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ለቪዲዮ ቤት ባለቤቶችም አንድ ልመና አለን። ሥራችሁ እንጀራችሁ እንደሆነ እናውቃለን። በበዓል ቀናት ከሰዓት በፊት ያለውን ጊዜ ለልጆች ብቻ ብታደርጉት፣ የሚታየውንም በበር ላይ በአማርኛና በስዋሂሊ ጽፋችሁ ብትለጥፉት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነት ይልካሉ፤ እናንተም ደንበኛ አታጡም። ፊልም በጋራ ማየት በዚህ ካምፕ አዲስ ነገር አይደለም። ፊልምኤይድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 በመቄዶንያ ለኮሶቮ ስደተኞች ፊልም ማሳየት ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ካኩማ በመምጣት በትልቅ ስክሪን ሜዳ ላይ አሳይቷል። የብዙ አገር ሕዝብ አንድ ሸራ እያየ አብሮ ሲስቅ የነበረ መሆኑን የቆዩ ነዋሪዎች ያስታውሳሉ።

በመጨረሻም፣ ፊልም የበዓሉ ማጣፈጫ እንጂ በዓሉ ራሱ አይደለም። ከግማሽ ሰዓት ፊልም በኋላ ልጆቹ ወደ ሜዳ ይውጡ። ታላላቆቻችን የገና ጨዋታን ያስተምሯቸው፤ ሩሩን ከጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዱላውን ከተገኘው እንጨት ቆርጦ መሥራት ይቻላል። ያን ጨዋታ በየትኛውም ካርቱን ውስጥ አያገኙትም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጆቻችሁ ባለፈው በዓል ምን ፊልም አዩ? ከስድስቱ ጥያቄዎች የትኞቹን ያልፋል?
2. ልጅ «እኛ ለምን ስጦታ የለንም?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ትመልሳላችሁ?
3. የተለያየ እምነት ባላቸው ጎረቤቶች መካከል ሁሉንም የሚያስማማ ፊልም እንዴት ይመረጣል?
4. በሰፈራችሁ ለልጆች የሚሆን የተወሰነ የፊልም ሰዓት እንዲኖር ማን ከማን ጋር ሊነጋገር ይገባዋል?

ለክርስቲያን ወገኖቻችን መልካም ገና፣ ለሙስሊም ወገኖቻችንም ለሚመጣው ኢድ በሰላም ያድርሳችሁ እንላለን። ቸር ይግጠመን።